ከረጢቱ ሞልቶ መኪናው ሳይጭን

ቀኑ ዓርብ፣ ወሩ የፈረንጆቹ ኖቬምበር መጀመሪያ ነው። በሰሜን ካሊፎርኒያ፣ ስሟ ይቆየንና በአንዲት ከተማ፣ ሰባት ሠራተኞች ከድልድይ ሥር ያለውን የጅረት ዳርቻ ሲያጸዱ አርፍደው ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ 64 ከረጢት ሞልተው ጨረሱ። ሰባቱም ቤት የሌላቸው ናቸው። ሁለቱ እንዲያውም የሚያድሩት እዚያው ጅረት ዳር፣ ከድልድዩ ወረድ ብሎ ነው። የሳምንቱ የተከፈለበት ሰዓታቸው 20 ነበርና ዓርብ ሰባት ሰዓት ላይ አለቀ። ከረጢቶቹን ከውሃው ስድስት እርምጃ ያህል ላይ ከምረው ሄዱ። የከተማው መኪና ስምንት ተኩል ላይ ደረሰ፣ በሩ አልከፈት አለው፣ ተመለሰ። ቅዳሜ ሌሊት ዘነበ።

ሰኞ ጠዋት በቦታቸው የተገኙት 19 ከረጢቶች ናቸው። የቀሩት ተዘርግፈው ፕላስቲካቸው በአኻያው ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥሏል፣ ውስጣቸው የነበረው ወደ ባሕረ ሰላጤው ጉዞ ጀምሯል። አራት ሰዓት ሙሉ የተለቀመ ቆሻሻ፣ እንደገና ለመልቀም ከበፊቱ በባሰ ሁኔታ ተበተነ።

ከበሩ እንጀምር። በእንዲህ ያለ ጅረት ዳር መሬቱ የአንድ ባለቤት አይደለም። ዳርቻው የውሃ ዲስትሪክት የሚባለው የአካባቢው የውሃ መሥሪያ ቤት፣ ድልድዩ የስቴቱ መንገድ መሥሪያ ቤት፣ ከላይ ያለው የእግር መንገድ የከተማው ነው። ስለዚህ በሩ የሚታሰረው በአንድ ሰንሰለትና እርስ በርስ በተያያዙ ሦስት ጓጉንቸሮች ነው። የአንዱ ጓጉንቸር ቀለበት በሌላው ቀለበት ውስጥ ያልፋል፤ ከሦስቱ የትኛውም ቢከፈት ሰንሰለቱ ይፈታል። አንድ የቸኮለ ሰው ግን የራሱን በጎረቤቱ ጓጉንቸር ማሳለፉን ትቶ የሰንሰለቱን ሁለት ጫፎች በቀጥታ አገናኝቶ ከቆለፈ፣ ሌሎቹ ሁለቱ ለጌጥ ተንጠልጥለው ይቀራሉ። የዚያን ዕለት የሆነው ይኸው ነው። ሾፌሩ የከተማውን ጓጉንቸር ከፍቷል፤ ሰንሰለቱ ግን አልተነቃነቀም። ቢደውል የሚያነሳ፣ ከረጢቱን በአጥሩ ላይ የሚያቀብል ሰው በቦታው አልነበረም፤ ሁሉም ሰዓታቸው አልቆ ሄደዋል።

የሚያስቆጨው ሌላው ነው። ክምሩ ሲጀመር ከሠራተኞቹ አንዱ ለቡድን መሪው የድልድዩን ምሰሶ አሳይቶት ነበር። በደረት ከፍታ ላይ ደረቅ ሣርና የፌስታል ብጥስጣሽ ተጣብቆበታል። “ውሃው እዚህ ድረስ ይመጣል” አለው። መሪው ቀና ብሎ ሰማዩን አየ፤ ጥርት ያለ ነበር። በከተማ ጅረት ሰማይ ማየት ብዙ አይጠቅምም። አስፋልቱና ጣሪያው ውሃ አያስቀሩም፣ የጎዳናው ቱቦ ሁሉ ወደ ጅረቱ ነው የሚለቀው፤ ከበጋው ድርቀት በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያው ዝናብ ደግሞ የወራቱን ጥራጊ ባንዴ ይዞ ይወርዳል። ከላይ ግድብ ካለ ሌላ ጣጣ አለው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2017 የሳን ሆዜን ሰፈሮች አጥለቅልቆ 14,000 ያህል ሰው ከቤቱ ያስወጣው፣ አንደርሰን የውሃ ማጠራቀሚያ ሞልቶ ካዮቲ ክሪክ ወደሚባለው ጅረት ያፈሰሰው ውሃ ነው።

ሳን ሆዜን ማንሳታችን ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት በፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ገንዘብ፣ እዚያው ካዮቲ ክሪክ ዳር የሚኖሩ ሰዎች ዳውንታውን ስትሪትስ ቲም ከተባለው ድርጅት ጋር ጅረቱን እንዲያጸዱ፣ በምላሹም ድጎማና ወደ ቤት የሚያደርስ ድጋፍ እንዲያገኙ ተሞክሯል። በዚሁ ጅረት ዳር “ዘ ጀንግል” ይባል የነበረው ቤት የሌላቸው ሰዎች ትልቅ ሰፈር ደግሞ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2014 በፖሊስና በግሬደር ፈርሷል። ሁለቱ መንገዶች በአንድ ውሃ ዳር መሞከራቸው ብዙ ያስተምራል፤ ግሬደር ውሃው የት እንደሚደርስ ማንንም አይጠይቅም። የቀን ሠራተኛ ቀጥሮ የሚያውቀውን አለመጠየቅም ከዚያ ብዙም አይሻልም።

ከረጢቱ ራሱስ ለምን ተቀደደ? የተጠቀሙት 200 ሊትር የሚይዘውን ስስ ጥቁር ከረጢት ነው፣ እስከ አፉ ሞልተው። ጅረት ዳር የሚገኘው ግማሹ ጨርቅ ነው፤ ብርድ ልብስ፣ ምንጣፍ፣ ጃኬት። ውሃ የጠጣ ብርድ ልብስ ብቻውን አንድ ሰው ይበቃዋል። እርጥብ ጨርቅ በሽቦ ላይ ተዘርግቶ ጥቂት ሰዓት ካልተንጠፈጠፈ በስተቀር ከረጢት ውስጥ መግባት የለበትም፤ ከረጢቱም ከግማሽ አያልፍም። መለኪያው ቀላል ነው፦ አንድ ሰው በአንድ እጁ ከመሬት ካላነሳው ከብዷል። ከረጢት በእግር መርገጥ፣ በእጅ መጠቅጠቅ፣ ተሸክሞ ከጭን ጋር ማስደገፍ ፈጽሞ ክልክል ነው፣ ምክንያቱም መርፌ ይኖራል። መርፌ ሲገኝ ጠንካራው ፕላስቲክ ዕቃ መሬት ላይ ይቀመጣል፤ በሌላ እጅ አይያዝም፣ ብዙው ሰው የሚወጋው ዕቃውን በያዘበት እጁ ላይ ነውና። መርፌው በረጅም መቆንጠጫ ይነሣና ሹሉ ወደ ታች ሆኖ ይገባል፤ የመርፌውን ክዳን መልሶ መክደን የለም። የተወጋ ሰው በሳሙናና በውሃ ይታጠብ፣ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ይየው። የኤችአይቪ መከላከያው መድኃኒት በሰዓታት ውስጥ ቢጀመር ነው የሚመረጠው፤ 72 ሰዓት ካለፈ አይሰጥም።

ከዚያ ሰኞ በኋላ የተለወጠው ነገር ብዙ አይደለም። ጠዋት የመጀመሪያው ከረጢት ሳይከፈት አንድ ሰው በሩን በከተማው ቁልፍ ከፍቶ ይዘጋል፤ ካልከፈተ በዚያ በር በኩል ሥራ የለም። መከመሪያው ከዳርቻው አናት፣ መኪናው ከሚቆምበት አሥር እርምጃ ላይ ሆነ። ሽቅብ መሸከሙ ያደክማል፣ እውነት ነው፤ ሰባቱ ተሰልፈው ከእጅ ወደ እጅ ሲቀባበሉ ግን ይቀላል። ዋናው ለውጥ የክፍያው ነው፦ ከ20ው ሰዓት የዓርብ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ለመጫን ብቻ ተያዙ፤ መኪናው ቢዘገይም ይከፈላል። መጀመሪያ በጀት ያዡ “ቆሞ ለመጠበቅ ነው የምንከፍለው?” ብሎ ነበር። አዎ፣ ለዚያ ነው።

ከረጢት ቆጥሮ ሪፖርት መጻፍም ቀርቷል። ቁጥር ሲፈለግ ሰው ቅጠል ይሞላል። አሁን የሚመዘገበው መኪናው ማራገፊያው ላይ ሲመዘን የሚወጣው ክብደት ነው። ምሰሶውን ያሳየው ሰውዬ ዛሬ መከመሪያውን የሚመርጠው እሱ ነው፤ ለዚህም በሰዓት ትንሽ ጭማሪ አለው።

ጓጉንቸሮቹ ግን አሁንም አልፎ አልፎ ተሳስተው ይቆለፋሉ።