በትንሹ አናት ላይ ያለፈው ደመና

ሰሞኑን ሆዴን ባር ባር ሲለኝ ከረመ። ምክንያቱ ምንድን ነው ብትሉኝ አንዱን ለይቼ መናገር አልችልም። የእማዬ ዝምታ አለበት። የቤት ኪራዩ ነገር አለበት። ከሁሉም በላይ የትንሹ ወንድሜ ጉዳይ አለበት። ሮቤ የነበረን ሥልጠና ሲያልቅ ባልደረቦቼ ወደ አዲስ አበባ ተሳፈሩ። እኔ ግን ሻንጣዬን ይዤ ወደ ደቡብ የሚሄድ መኪና ያዝኩ። ባሌ ተራሮች ላይ፣ ሐረና ጫካ ውስጥ፣ አንዲት ሎጅ አለች ተብዬ ነበር። ማንም የማያገኘኝ ቦታ ነበር የፈለግኩት።

መንገዱ ከጎባ ሽቅብ ነው። ሳነቴ ላይ ስትወጡ ከ4,000 ሜትር በላይ ናችሁ። ጆሮ ይደፈናል፣ ነፋሱ ፊት ይልጣል። ጅብራው ሜዳው ላይ እዚህም እዚያም ተገትሮ ይታያል። አንዲት ቀይ ቀበሮ ከመንገዱ ትንሽ ራቅ ብላ አይጥ ታደባ ነበር፤ መኪናችንን ዞር ብላም አላየችው። ከዚያ ሜዳው ድንገት ያልቅና መንገዱ ቁልቁል ይጠማዘዛል። መጀመሪያ አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ ይቀበላችኋል። ቀጥሎ ጉሙ። ሹፌሩ ገና በቀትር መብራት አበራ። ሪራ መንደር እስክንደርስ ከመኪናው አፍንጫ ወዲያ ያለው ነገር እምብዛም አይታየኝም ነበር።

ሎጇ ትንሽ ናት። ድንጋይ፣ ጭቃ፣ እንጨትና ቀርከሃ። ክፍሉ ውስጥ ቴሌቪዥን የለም፣ የፕላስቲክ ውሃም የለም። የተጣራ ውሃ በብርጭቆ ማሰሮ አልጋው አጠገብ ተቀምጧል። መታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ላይ በኦሮምኛ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀት አለ፤ ፎጣው ካልቆሸሸ መልሳችሁ ስቀሉት፣ ሳሙናው የሎጇ ይሁን ይላል። መብራቱ የሚመጣው በጓሮ በኩል ከሚወርደው ጅረት ነው። ውሃውን በቱቦ ጠልፈው ትንሽ ተርባይን ያዞሩበታል፤ ከዚያ መልሰው ወደ ጅረቱ ይለቁታል። ማታ ከአራት ሰዓት በኋላ አብዛኛው መብራት ይጠፋል። ሠራተኞቹ የአካባቢው ልጆች ናቸው። ቁርስ ላይ የቀረበው ማር ዛፍ ላይ ከሚሰቀለው ቀፎ የተቆረጠ ነው፤ ሰም ሰም ይላል፣ ትንሽም መረር ይላል። ይሄን ሁሉ ወደድኩት። ከልቤ ነው የምለው። ብዙ ቦታ «ለተፈጥሮ ተስማሚ» የሚል ጽሑፍ በር ላይ ተለጥፎ ጓሮው ውስጥ ጀነሬተር ሲያጓራ ሰምቻለሁ። እዚህ የሚሰማው ውሃው ነው።

ለማረፍ ነበር የሄድኩት አልኳችሁ። ጥሩ እንቅልፍ ተኝቼ፣ ጉሬዛ አይቼ፣ ቡናዬን ጠጥቼ ልመለስ። ማለዳ ከአስጎብኚው ልጅ ጋር ወጣን። ትሁት ልጅ ነው፤ «እህቴ፣ እዚህ ጋ ያንሸራትታል» እያለ እጁን ይዘረጋልኛል። ኮሶውን፣ ጥቁር እንጨቱን፣ ጌተሙን አሳየኝ። ቀርከሃው ዘንድ ስንደርስ የባሌ ጦጣ የሚባለው እዚያ እንደሚውል፣ ምግቡም በአብዛኛው የቀርከሃ ቅጠል እንደሆነ ነገረኝ። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ መንደራቸው እንዴት እንደተደሰተ እያወራልኝ ሳለ አንድ ትልቅ ኮሶ ሥር ቆምን።

እዚያ ዝናብ ይዘንባል። ካፖርቴን አጠበቅኩ። ልጁ ፈገግ አለና ክንዴን ይዞ ሦስት አራት እርምጃ ወደ ገላጣው አወጣኝ። ገላጣው ላይ ጠብታ የለም። ተመልሰን ዛፉ ሥር ስንገባ ደግሞ ይንጠባጠባል። «ሰማዩ አይደለም የሚዘንበው፤ ዛፉ ነው» አለኝ። ከግንዱ ላይ ያንን አረንጓዴ ልባስ አንድ እፍኝ ያዘና ጨመቀው። እንደታጠበ ጋቢ ውሃው በጣቶቹ መሃል ወረደ። ከዚያ በጥንቃቄ መልሶ ግንዱ ላይ ለጠፈው። ያቺ መልሶ መለጠፉ ደስ አለችኝ።

ሳይንሱን እሱም ያውቀዋል፣ እኔም ትንሽ አንብቤያለሁ። ጉሙ ውስጥ ያለው ውሃ ጠብታ ሆኖ ለመውደቅ በጣም ደቃቅ ነው። ዝም ብሎ ሊያልፍ ይችል ነበር። ቅጠሉ፣ የዛፍ ሽበቱ፣ ግንዱን የለበሰው ሁሉ ያስቀረዋል። ተጠራቅሞ ይንጠባጠባል፣ መሬቱ ይጠጣዋል፣ ቆይቶ በምንጭ ይወጣል። ዛፉ ባይኖር ያ ውሃ መንገዱን ይቀጥል ነበር። «ከየት ነው የሚመጣው ግን?» አልኩት። እጁን ወደ ደቡብ ምሥራቅ ዘረጋ። «ከባሕሩ ነው። ከህንድ ውቅያኖስ። በሶማሌ በኩል አድርጎ።»

ከዚያ በኋላ የነገረኝን አላስታውስም። አንበሳ ስለታየበት ቦታ ያወራ ነበር መሰለኝ። እኔ ልቤ ሄዷል።

ትንሹ ያለው ዶሎ አዶ ነው፤ ሶማሊያ ድንበር ላይ ያለችው ቆላ ከተማ። ይሄ ደመና ከውቅያኖሱ ተነስቶ ያንን ሁሉ ቆላ አቋርጦ ነው ሐረና የደረሰው። በትንሹ አናት ላይ አልፏል። እዚያ ሙቀቱ ወደ 40 ዲግሪ ሲጠጋ፣ ሰዉ ሰማይ ሰማይ ሲያይ፣ ከአናቱ በላይ ውሃ እያለፈ ነበር። ሜዳው ዝቅ ያለ ስለሆነ አየሩን የሚያነሳው ነገር የለም። ተራራው ጋ ሲደርስ ነው ሽቅብ ተገፍቶ የሚቀዘቅዘው። ከዚያ ጉም ይሆናል፣ ከዚያ የእኔ ኮሶ ጭንቅላቴ ላይ ያንጠባጥበዋል።

ነገሩ ግን እዚህ አያበቃም። ከሰዓት በኋላ ጅረቱ ዳር ተቀምጬ ሳስብ የነበረው የመልሱን መንገድ ነው። የሐረና ጅረቶች ተሰባስበው ወልመል ወንዝ ይሆናሉ። ወልመል ገናሌ ይገባል። ገናሌ እየሞቀ፣ እየደፈረሰ ቁልቁል ይወርድና ዶሎ ላይ ከዳዋ ጋር ይገናኛል። ከዚያ ስሙ ጁባ ነው። ሶማሊያን አቋርጦ ኪስማዮ አቅራቢያ ተመልሶ ውቅያኖሱ ውስጥ ይገባል። በትንሹ አናት ላይ ያለፈው ውሃ በእግሩ ሥር ይመለስለታል ማለት ነው። መሃል ላይ ያለው ይሄ ጫካ ነው። ይሄ ጫካ ከሌለ ደመናው በቀላሉ አይያዝም፣ የተያዘውም በአንድ ጊዜ ጎርፍ ሆኖ ይወርዳል፤ በበጋ የሚጠብቀው ነገር አይኖርም። ከባሌ ተራሮች የሚነሱት ወንዞች ኢትዮጵያ፣ ሶማሊያና ኬንያ ውስጥ ወደ 12 ሚሊዮን ሰው ያጠጣሉ ይባላል። ቁጥሩን ከዚህ በፊት ብዙ ጊዜ አንብቤዋለሁ። ከዚያ ሁሉ ሰው ውስጥ አንዱ የኔ ወንድም መሆኑ ግን አንድም ቀን አልታየኝም ነበር።

ሥራውም እኮ እሱው ነው። ከገናሌ ውሃ በፓምፕ እየሳቡ በቦይ ወደ ማሳ ያደርሳሉ። ከሶማሊያ የተሰደዱትና የአካባቢው ሰዎች አንድ ላይ በማህበር ሆነው ሽንኩርት፣ ቲማቲምና በቆሎ ያለማሉ። ከስደተኞቹ ብዙዎቹ እ.ኤ.አ. በ2011 በዚያ ክፉ ድርቅ ልጆቻቸውን ተሸክመው ድንበሩን የተሻገሩ ሰዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ዝናቡ አምስት ወቅት በተከታታይ ከሽፎ ነበር። ትንሹ በዚያ ጊዜ ሲደውል ድምፁ ይለወጥ ነበር። ወንዙ ሲጎድል የፓምፑ አፍ አየር መሳብ ይጀምራል፤ ድምፁን ከሩቅ እንለየዋለን፣ ሁላችንም ሥራችንን ጥለን እንሮጣለን ብሎኝ ያውቃል። ያኔ «አይዞህ» ከማለት በቀር የማውቀው ነገር አልነበረም።

ሎጇን ማታ ማታ የሚጠብቁት ሽማግሌ እሳቱ ዳር አስቀመጡኝ። የወደቀ እንጨት ብቻ ነው የሚነደው። አማርኛቸው ቀስ ያለ ነው፤ ቃል መርጠው ይናገራሉ። ውሃው ወዴት እንደሚሄድ ያውቁ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። «እንዴት አላውቅም ልጄ፣ ቆላ ነዋ የሚሄደው» አሉኝ። ቀጥለው የነገሩኝ ነገር ግን ሌላ ነው። በድርቅ ዘመን ሰዎቹ ራሳቸው ውሃውን ተከትለው ይመጣሉ። ከብቶቻቸውን ነድተው፣ ብዙ ቀን ተጉዘው፣ ወደ ጫካው ይወጣሉ። ከጥንት ጀምሮ እንዲህ ነው፤ በወቅቱ ይወጣሉ፣ በወቅቱ ይወርዳሉ። አሁን ግን የሚመጣው ከብት በዛ፣ የሚቆይበትም ጊዜ ረዘመ፣ ከብቱ ደግሞ ችግኙን አይምርም። «ታዲያ አትምጡ ይባላል?» አልኳቸው። እሳቱን ቆሰቆሱት። «የሚሞት ከብት ይዞ ለመጣ ሰው ምን ትይዋለሽ?» አሉኝ።

ይሄ ጥያቄያቸው እስካሁን አልለቀቀኝም። ሪራ ያለችው እናት እርሻ ማስፋት ትፈልጋለች፤ ልጆች አሏት። ጫካውን አትንኪ እንላታለን። ደን በማህበር ይዘው የሚጠብቁ አሉ፤ ጥላ ሥር በራሱ የበቀለውን ቡና ይለቅማሉ፣ ማር ይቆርጣሉ። ሎጇም የድርሻዋን ታደርጋለች፤ እንግዳ ካለ። ኮሮና በመጣ ጊዜ፣ ከዚያም አገሩ ሰላም ሲያጣ፣ እንግዳው ቀረ። ልጁ እንደነገረኝ ያኔ ብዙ ጓደኞቹ ወደ ከሰልና ወደ እርሻ ተመልሰዋል። አልፈርድባቸውም። ግን ይሄ ሁሉ ውሃ የእኛን የእረፍት ቀን ጠብቆ እንዴት ይኖራል? ታች ያለው ሰው ላይ ላለው ሰው ምንም አይከፍልም፤ የሚከፍለውም የለውም። ላይ ያለችው ደግሞ ታች ማን እንዳለ አይታ አታውቅም። መሃል ላይ የቆምነው ማሰሮ ሙሉ የተጣራ ውሃ አልጋችን አጠገብ የሚቀመጥልን ሰዎች ነን። እኛ ልንከፍል ይገባን ነበር ብዬ አምናለሁ። በፎጣ ብቻ አይሆንም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። የትንሹ ኮንትራት ያልቃል። ይራዘምልህ ተብሏል። እማዬ ይምጣልኝ ትላለች። አባባ ካረፈ ወዲህ ሌሊት ተነስታ የትንሹን ክፍል በር ከፍታ ትዘጋለች። አዲስ አበባ የተሻለ ሥራ ተገኝቶለታል፤ እኔ ነኝ የፈለግኩለት። እንዳሳምነው አደራ የተጣለው በኔ ላይ ነው። ሎጇ ውስጥ ኔትወርክ የለም፤ ሳነቴን መልሰን ተሻግረን ጎባ ስንደርስ ስልኬ የድምፅ መልእክት ተቀበለ። «እታለም፣ ሽንኩርቱ ደርሷል። ብታዪው። ወንዙም ሙሉ ነው ዘንድሮ። እማዬን በናትሽ አንቺ አነጋግሪያት። ግን አንቺ ራስሽ ምን ትያለሽ?» ከኋላ ፓምፑ ይሰማል። በደንብ ነው የሚስበው።

ሳምንቱን ሙሉ ያጠናሁት ንግግር ነበረኝ። ጤናህ፣ ዕድሜህ፣ ትዳርህ፣ እማዬ። ሁሉም እውነት ነው፤ አንዱም አልተለወጠም። የእማዬ እግር ያብጣል፤ ብቻዋን ገበያ መውጣት ካቆመች ቆይታለች። እሱ እዚያ ወባ ስንት ጊዜ እንደታመመ እሷ አታውቅም። ና ብለው ይመጣል። እኔን እምቢ ብሎኝ አያውቅም፤ ከባዱም ይሄ ነው። ቆይ ብለውም ይቆያል፤ ያኔ የዚያን በር ሌሊት ሌሊት መከፈት የምሰማው እኔ ነኝ። ከሐረና በፊት መልሱ ቀላል ነበር፤ እሱ እዚያ ምን ይሠራል ብዬ አስብ ነበር። አሁን ምን እንደሚሠራ ገባኝ።

ሰኞ ይደውላል። እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉታላችሁ?