በዋንዛ ላይ ስም መቅረጽ

አያቴ ይተኙበት የነበረው የዋንዛ አልጋ እግሩ ተሰብሮ፣ ሰርቪስ ቤታችን ግድግዳ ላይ ተደግፎ ለዓመታት ቆይቷል። የሚተኛበት ሰው የለም፤ አውጥቶ ሊሸጠው የሚደፍርም አልተገኘም። በ2014 ዓ.ም. የታናሽ እኅቴ ሠርግ ሲቃረብ ግን መፍቻና መዶሻ ይዤ ገባሁና የራስጌውን ጣውላ አወረድኩት። ሐሳቤ ከእርሱ የጌጣጌጥ ማስቀመጫ ሣጥን ሠርቼ፣ ክዳኑ ላይ ስሟን ቀርጬ ልሰጣት ነበር። ከጥቂት ወራት በፊት የገዛኋት ትንሽ የሲኤንሲ ማሽን ጠረጴዛዬ ላይ ነበረች፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ግን ኮምፔንሳቶ ላይ አበባና ኮከብ ከመቅረጽ ያለፈ ሥራ አልሠራሁባትም።

ለማያውቃት ሰው፣ ሲኤንሲ በኮምፒውተር የምትታዘዝ መቅረጫ ናት። የእኔዋ 3018 የምትባለው ዓይነት ናት፤ ቁጥሩ የሥራ ሜዳዋን ይናገራል፣ 30 ሴንቲ ሜትር በ18። ወደ ታችና ወደ ላይ የምትሄደው 4 ሴንቲ ሜትር ተኩል ቢሆን ነው። ፑንታውን፣ ማለትም እንጨቱን የሚበላውን ስል ብረት፣ የሚያሽከረክረው ሞተር ጉልበቱ አነስተኛ ስለሆነ፣ ዋንዛን በመሰለ እንጨት ላይ በአንድ ዙር ከግማሽ ሚሊ ሜትር በላይ እንዲበላ አላዝዘውም። የቸኮልኩ ቀን ፑንታው ይሰበራል፣ አለዚያም እንጨቱን ያሳርረዋል።

ከእንጨቱ በፊት ያስቸገረኝ ፊደሉ ነው። መጀመሪያ የሞከርኩት ፕሮግራም የእኛን ፊደል አያውቅም፤ ‹ቤተልሔም› ብዬ ስጽፍለት አምስት ባዶ አራት ማዕዘን ደርድሮ አሳየኝ። መፍትሔው ቀላል ሆኖ ሳለ እስካገኘው ሁለት ሌሊት ፈጅቶብኛል። አሁን ስሙን ኢንክስኬፕ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም፣ አቢሲኒካ በተባለው የፊደል ቅርጽ እጽፈዋለሁ፤ ከዚያም ጽሑፉን ወደ መስመር እለውጠዋለሁ። አንዴ መስመር ከሆነ በኋላ ለኮምፒውተሩ ፊደልም ሆነ የአበባ ሥዕል ለውጥ የለውም፤ የትኛውም ፕሮግራም ይቀበለዋል። ኤፍ-ኢንግሬቭ የተባለው ሌላው ነፃ ፕሮግራም መስመሩን ተቀብሎ ፑንታው የት ቦታ ምን ያህል መጥለቅ እንዳለበት ያሰላል፤ ለማሽኗ የሚደርሳት ትእዛዝም ከእርሱ የሚወጣው ጂ-ኮድ ነው።

እዚህ ላይ ደስ የሚለኝን ነገር ልናገር። የእኛ ፊደል በመቃ ብዕር ሲጻፍ የኖረ ስለሆነ ወፍራምና ቀጭን አለው። ሾጣጣው ፑንታ ደግሞ ወፍራሙ ጋ ሲደርስ ጠልቆ ይገባል፣ ቀጭኑ ጋ ሲደርስ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣል። ጸሐፊው እጁን እንደሚጫንና እንደሚያነሣ ማለት ነው። ይህን በዓይኔ ካየሁ ወዲህ ቀጭንና ወፍራም በሌለው ዘመናዊ የፊደል ቅርጽ ስም መቅረጽ ትቻለሁ፤ ደንበኛ ካልጠየቀኝ በቀር።

የመጀመሪያው ክዳን ግን ተበላሸ። ከማሽኗ ጋር የመጡት ፑንታዎች 20 ዲግሪ ሾጣጣ ናቸው። እንዲህ ባለ ቀጭን ፑንታ 3 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የፊደል ግንድ ለመቅረጽ 8.5 ሚሊ ሜትር ያህል መጥለቅ ግድ ነው። የጣውላዬ ውፍረት 10 ሚሊ ሜትር ብቻ ነበር! የ‹ተ›ን ግንድ ስትቀርጽ ክዳኑ ሊበሳ ምንም አልቀረው። ከዚህ የባሰው ደግሞ የኃምሶቹ ጉዳይ ነው። ‹ቤ› እና ‹ሔ› እግራቸው ላይ ቀለበት አላቸው፤ በቀለበቱ መካከል ሳትነካ የምትቀረው እንጨት ከምስር ፍሬ አትበልጥም። ዙሪያዋ በቀጭን ፑንታ እስከ ታች ሲቆፈር እንደ መርፌ ቆማ ቀረች፤ ፑንታው እንደገና ሲመለስ ከሥሯ ተሰብራ ሄደች። ቀለበቱ ጉድጓድ ሆነ። ያንን ክዳን እስከ ዛሬ አስቀምጬዋለሁ።

60 ዲግሪ የሆነ ፑንታ ገዝቼ ሁለተኛውን ክዳን ስሠራ ያው 3 ሚሊ ሜትር ግንድ በ2.6 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ብቻ ተቀረጸ። ግድግዳው ተዳፋት ስለሆነ የቀለበቷ እምብርት ሥሯ ሰፊ፣ አናቷ ጠባብ ሆና እንደ ኮረብታ ተቀመጠች። በዚያ ላይ ከመቅረጼ በፊት ነጭ ኮላ በውኃ አቅጥኜ ጣውላውን መቀባት ለመድኩ፤ አንድ ሌሊት ሲደርቅ የላዩን ቃጫዎች አጥብቆ ይይዛቸዋል፤ ኋላ በብርጭቆ ወረቀት ሲፈገፈግ ይለቃል። ፊደሉን ደግሞ ቁመቱን ከ18 ሚሊ ሜትር አላሳንስም። ስሙ ረዝሞ ክዳኑ ላይ አልገባ ካለ ክዳኑን እለውጣለሁ እንጂ ፊደሉን አልጨቁነውም።

እኅቴ ሣጥኑን ስትቀበል ስሟን በጣቷ ተከትላ ጻፈችው። ከዚያ በኋላ የዘመድ ጥያቄ መጣ፣ ቀጥሎ የጎረቤት፣ ቀጥሎ የማላውቀው ሰው።

የአልጋው ጣውላ ብዙ ስለማያስኬድ እንጨት ፍለጋ ወጣሁ። ዋንዛ፣ ጥድ፣ ዝግባና ኮሶ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ በ1986 ዓ.ም. በወጣው የደን አዋጅ ተከልክለው የነበሩ አገር በቀል ዛፎች ናቸው፤ እኔም ለስጦታ ሣጥን ብዬ አዲስ የተጣለ ዋንዛ መግዛት ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም። ስለዚህ መርካቶ፣ ምን አለሽ ተራ እየሄድኩ የፈረሰ ቤት በር፣ የተሰበረ ቁም ሣጥን፣ የአሮጌ ጠረጴዛ ገበታ እገዛለሁ። ስልሳ ዓመት የደረቀ እንጨት ከማንኛውም አዲስ ጣውላ ይሻላል፤ አይጣመምም፣ ቀለሙም የበሰለ ነው። አደጋው ምስማር ነው። አናቱ የተቆረጠ ምስማር ቀለም ሥር ተደብቆ ሦስት ፑንታ በልቶብኛል። አሁን ከተበላሸ ድምፅ ማጉያ ያወጣሁትን ማግኔት በክር አንጠልጥዬ በጣውላው ላይ ቀስ ብዬ አሳልፈዋለሁ፤ ምስማር ካለበት ክሩ ዘንበል ይላል።

መብራት መሄዱ አዲስ ነገር አይደለም፤ ሲሄድ ማሽኗ ውስጥ የሚሆነውን ግን አላውቅም ነበር። አንድ ምሽት አንድ ክዳን ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው መብራት ጠፋ። ፑንታው ቆመ፣ እኔም ሻማ ፍለጋ ሄድኩ። መብራቱ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲመጣ ማሽኗ በራሷ ተነሥታ መቅረጽ ጀመረች፤ የምትቀርጸው ግን ቀድሞ በተጻፈው ስም ላይ በሰያፍ ነበር። ነገሩ የገባኝ በማግስቱ ነው። ላፕቶፔ በባትሪ ይሠራል፤ የማሽኗ መቆጣጠሪያ ሰሌዳ ደግሞ ከላፕቶፑ በሚመጣው ገመድ ኃይል ያገኛል። ስለዚህ ሞተሮቹ ሞተው ሳለ ሰሌዳው ትእዛዙን እየተቀበለ፣ እርምጃውን እየቆጠረ፣ ሥራው የቀጠለ መስሎት አምስት ደቂቃ ሙሉ ተጉዟል። መብራቱ ሲመለስ እርሱ ሌላ ቦታ፣ ፑንታው ሌላ ቦታ ነበሩ።

ከዚያ ወዲህ ለማሽኗ ትንሽ ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲጠፋ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ፣ ገዛሁላት፤ ሥራውን አቁሜ ፑንታውን ከእንጨቱ ለማንሣት የሚበቃ ጊዜ ይሰጠኛል። በሥራ ሜዳዋ ግራ ጠርዝ ላይም ሁለት የእንጨት መከታ በብሎን አሰርኩ። ጣውላው ሁልጊዜ እዚያ መከታ ላይ ተገፍቶ ስለሚታሰር፣ መነሻ ነጥቡ ቢጠፋብኝ እንኳ ከማዕዘኑ ለክቼ አገኘዋለሁ። ይህን ማሽን ለመግዛት የሚያስብ ሰው ቢጠይቀኝ፣ ስለ ፑንታ ከመናገሬ በፊት ስለ መከታውና ስለ ዩፒኤሱ ነው የምነግረው።

ሁሉንም ነገር በማሽን እሠራለሁ ማለትም ሌላው ስሕተቴ ነበር። የሣጥኑን ጎኖች እንደ ጣት እርስ በርስ በሚገቡ ጥርሶች ለማያያዝ ብዙ ለፋሁ። ክብ ፑንታ የውስጥ ማዕዘንን ቀጥ አድርጎ መቁረጥ አይችልም፤ ጥጉን ክብ አድርጎ ይተወዋል፣ ጥርሱም አልገባም ይላል። ጥጉን ትንሽ አስፍቶ በመቁረጥ ይገባል፤ ግን ቀዳዳው ከውጭ ይታያል፣ ለዓይን አያምርም። ሰፈራችን ያሉ አዛውንት አናጢ ይህን ሥራ በመጋዝና በመሮ እኔ ማሽኗን አዘጋጅቼ ሳልጨርስ ይጨርሱታል። ስለዚህ ሥራውን ተካፈልን፤ አካሉ የእርሳቸው፣ ክዳኑ የእኔ።

እኒሁ አናጢ ናቸው ክዳንም ያስተማሩኝ። በሚያዝያ ለምርቃት ስጦታ የሠራሁት ተንሸራታች ክዳን ያለው ሣጥን በሐምሌ አልከፈት አለ ተብሎ ተመለሰልኝ። ይዤላቸው ሄድኩ። ክዳኑን በአውራ ጣታቸው ገፋ አድርገው፣ “ይህን በጋ ነው የሠራኸው አይደል፣ ልጄ?” አሉኝ። “አዎ፣ ጋሼ” አልኳቸው። “ለክረምት ቦታ አልተውክለትም” አሉና በመላጊያ ከጎኑ አንድ ስስ ቅርፊት አነሡለት፤ ክዳኑ ወዲያው ተንሸራተተ። እንጨት እርጥበት ሲስብ በቃጫው ርዝመት ሳይሆን በወርዱ ነው የሚያብጠው። እኔ 12 ሴንቲ ሜትር ለሚሰፋው ክዳን የተውኩለት ክፍተት 0.3 ሚሊ ሜትር ነበር። አሁን በበጋ ስሠራ ሚሊ ሜትር ተኩል እተዋለሁ፤ በክረምት ስሠራ ግን ግማሽ ሚሊ ሜትር ይበቃል።

ከሁሉ ያሳፈረኝ ግን የእንጨትም የመብራትም ስሕተት አልነበረም። ጡረታ ለሚወጡ አንዲት መምህርት ባልደረቦቻቸው ሣጥን አዘዙ፤ ስሙን በስልክ ነገሩኝ። ‹ሰናይት› ብዬ ቀረጽኩ። ሣጥኑን ሳደርስ እርሳቸውም ነበሩ። ፊደሉን እየዳሰሱ፣ “ልጄ፣ ቆንጆ ሥራ ነው፤ እጅህ ይባረክ። የእኔ ግን በንጉሡ ሠ ነው” አሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በንጉሡ ሠ ሲጽፉት የኖሩትን ስም እኔ በእሳቱ ሰ ቀርጬዋለሁ። ድምፁ አንድ ነው፤ ስሙ ግን የእርሳቸው አልነበረም። ክዳኑን መልሼ ወስጄ አዲስ ሠራሁላቸው። ከዚያ ወዲህ ስም በስልክ አልቀበልም። ባለስሙ፣ ካልሆነም የቅርብ ዘመድ በእጁ ጽፎ ፎቶግራፉን ይልክልኛል። ጸሎቱ ጸ ይሁን ፀሐዩ ፀ፣ ሐመሩ ሐ ይሁን ብዙኃኑ ኀ፣ እንደ ተጻፈው እቀርጻለሁ፤ አላርምም።

ዓመተ ምሕረትም እንዲሁ ነው። ዋሽንግተን የሚኖር አንድ ደንበኛ ለእኅቱ ልጅ ክርስትና ሣጥን ሲያዝ ዓመቱን 2023 ብሎ ላከልኝ፤ ቤተሰቡ ግን የሚፈልገው ፳፻፲፭ ነበር። ደግነቱ ከመቅረጼ በፊት ጠየቅሁት። የግእዝ ቁጥር ከላይና ከታች ያለው ሰረዝ ቀጭን ስለሆነ ያረጀ ፑንታ ይቦጭቀዋል፤ ለእርሱ ሁልጊዜ አዲስ ፑንታ አስራለሁ።

የመጨረሻው ሥራ ማለስለስ ነው። በ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ጀምሬ በ240 እጨርሳለሁ፤ ፊደሉ ውስጥ የተሰገሰገውን ሰጋቱራ በጥርስ ብሩሽ አወጣለሁ። ከዚያ የተልባ ዘይት፣ ከደረቀ በኋላ ሰም። ሰሙን የማገኘው ሰፈራችን ካለው ጠጅ ቤት ነው፤ ሰፈፉን ገዝቼ፣ አቅልጬ፣ በጨርቅ አጠልለዋለሁ። በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ግን ተጠቅልሎ ከተጣለ በራሱ ግሎ ሊቀጣጠል ይችላል፤ ውጭ ገመድ ላይ ዘርግቼ ሳላደርቀው አልጥለውም። አፍና አፍንጫዬንም ሳልሸፍን ማሽኗን አላስነሣም፤ የአሮጌ እንጨት ብናኝ ሳል ያመጣል።

ከአያቴ አልጋ የቀረው የግርጌው ጣውላ ነው፤ አሁንም ሰርቪስ ቤት ግድግዳ ላይ ተደግፏል። ለካሁት፣ ሦስት ክዳን ይወጣዋል። አንዱ የእናቴ ነው። እናቴ ፊደል የቆጠረችው በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ባለፈው እሑድ ቡና እየፈላ ደብተሬን ዘረጋሁላትና ስሟን እንድትጽፍልኝ ጠየቅኋት። መነጽሯን አድርጋ፣ እስክሪብቶውን ጠበቅ አድርጋ ይዛ፣ ቀስ ብላ ጻፈችው፦ ኂሩት። በብዙኃኑ ኀ።