ወደ ግራ የሚያጋድል ወንበር

ዛሬ ደብሮኛል። ምክንያቱን ሳፈላልግ የአዲሱ መኪናዬ ወንበር ላይ ደረስኩ፤ እሱ ላይ ማላከክ ይቀላል። «አዲስ መኪና ይዘህ ምን ያነጫንጭሃል?» ትላለች፣ አብራኝ የምትሄደው። እሷ ምን አለባት፣ ጋቢና ነው የምትቀመጠው። የሚያጋድለው የሹፌሩ ነው።

ወገቡን ያመመው ሁሉ ግን ለምን ሮጦ ትራስ ይገዛል? ትራስ ብልሽቱን ይሸፍናል እንጂ አያቃናም። ጭራሽ ከመሪውና ከራስ መደገፊያው ጋር ያለህን ልክ ያዛባል። መጀመሪያ መለየት ያለበት ችግሩ የአቀማመጥ ነው ወይስ የዕቃ የሚለው ነው። አቀማመጡን ማየት ብዙ አያለፋም። ዳሌህን ከወንበሩ መደገፊያ ጥግ ድረስ አስጠግተህ ፍሬኑን እስከ መጨረሻ ስትረግጥ ጉልበትህ ትንሽ ታጥፎ ከቀረ ርቀቱ ደህና ነው። ትከሻህ ከመደገፊያው ሳይነሳ የእጅህ አንጓ መሪው አናት ላይ ይረፍ። በደረትህና በመሪው መሃል ያለው ክፍተት ግን ከ25 ሳንቲ ሜትር አይነስ፣ ኤርባጉ የሚፈነዳበት ቦታ ይፈልጋል። ከጉልበትህ ጀርባና ከወንበሩ ጫፍ መካከል ደግሞ ሁለት ሦስት ጣት ይግባ።

ኤሌክትሪክ መኪና ላይ ይሄ ሁሉ ተደርጎም ላይመች ይችላል። ባትሪው ከሥር ስለሚነጠፍ ወለሉ ከፍ ይላል፤ ጉልበት ወደ ላይ ይወጣል፣ ጭን ወንበሩን ይለቃል፣ ክብደት ሁሉ ዳሌ ላይ ያርፋል። የወንበሩን የፊት ጫፍ ለብቻው የሚያነሳ ቁልፍ ካለ መፍትሔው እሱ ነው። ከሌለ ወንበሩን በሙሉ ጣሪያው እስከፈቀደ ከፍ ማድረግ ነው። ለቻይና ገበያ የተሠራ ከሆነ ደግሞ የወገብ ድጋፉ ማስተካከያ ስክሪኑ ውስጥ በቻይንኛ ተቀብሮ ይገኛል። በስልክ ካሜራ እያስተረጎሙ ወገብ ፍለጋ!

ማጋደል ግን የአቀማመጥ አይደለም፣ የዕቃ ነው። በመዳፍ ግራና ቀኙን በእኩል ጉልበት ጫን ጫን ማድረግ፣ ከዚያ ጋቢናው ላይ ደግሞ ማወዳደር። አንዱ ጎን ብቻ የሚሰምጥ ከሆነ በአዲስ መኪና ስፖንጁን ቶሎ አልጠረጥርም፤ ስፖንጅ የሚሞተው በዓመታት ነው። ከሥሩ የተዘረጋው ዚግዛግ ሞላ ከብረቱ ማቀፊያ ወልቆ ይሆናል። በስልክ መብራት ከሥር ሲታይ የወለቀው ጫፍ ተንጠልጥሎ ይገኛል። ስፖንጁ ደህና ሆኖ ፍሬን ሲያዝ ወንበሩ «ቋ» ካለ ጉዳዩ ወንበሩ የሚንሸራተትበት ሐዲድ ነው። ወደፊትና ወደኋላ እያንሸራተቱ ማዳመጥ ነው፦ ሁለቱ ሐዲዶች እኩል መቆለፍ አለባቸው፤ አንደኛው «ቀጭ» ብሎ ሌላው ዘግይቶ ከተከተለ ወይም ጭራሽ ዝም ካለ ወንበሩ በአንድ ጎን ብቻ ነው የተያዘው።

እዚህ ጋ ነው «ዝቅ ባለው ጎን ብሎኑ ሥር ሮንዴላ አስገባበትና ቀጥ ይላል» የሚለው ብልሃተኛ የሚመጣው። በፍጹም! ሐዲዱ ይጣመማል፣ ቁልፉ ጥርሱ ውስጥ በሙሉ አይገባም። የአሜሪካው የመኪና ደህንነት ደንብ ቁጥር 207 ወንበር የራሱን ክብደት 20 እጥፍ በሚያህል ጉልበት ሲጎተት እንዳይነቀል ይጠይቃል። ያንን የሚሸከሙት ወንበሩን ከወለሉ ጋር የሚያስሩት ብሎኖች ናቸው፤ መጥበቅ ያለባቸውም የመኪናው የጥገና መመሪያ ባስቀመጠው ልክ ነው።

ወንበሩን መፍታት የግድ ከሆነ ከሥሩ ቢጫ ሶኬት አለ፣ የኤርባግ ነው። የ12 ቮልቱን ባትሪ ኔጋቲቭ ነቅሎ መመሪያው የሚለውን ያህል ደቂቃ ሳይጠብቁ አይነካም። ሶኬቱ ተነቅሎ ሳለ መኪናውን ማብራትም የለም፤ የኤርባጉ መብራት በርቶ ይቀራል። ብርቱካናማ ሽቦ ከታየ ደግሞ የትልቁ ባትሪ ከፍተኛ ቮልቴጅ ነውና እጅን መሰብሰብ ነው። ዋስትና ካለ እኮ ይሄ ሁሉ የሻጩ ሥራ ነበር፤ ቪዲዮ ቀርጾ ድምፁን ማሰማት ከንግግር ይበልጣል።

ይሄን ሁሉ የምጽፈው ናይለኑ ገና ስላልተነሳ ወንበር መሆኑ ነው የሚያስቀው። ናይለን ላብ ይይዛል፣ ያንሸራትታል። ሰውነት ደግሞ እንዳይንሸራተት ራሱን ገትሮ ስለሚይዝ ደህና ወንበር ላይም ይደክማል። ይሄ ሁሉ እየታወቀ ማንም አያነሳውም። ሲሸጥ «ናይለኑ ያልተነሳ» ለማለት ነው። በ2016 የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪኩ ዋጋ ነገ የት እንደሚደርስ እርግጠኛ ሆኖ የሚናገር አላገኘሁም፤ ናይለን ዋጋ እንደሚጨምር ግን ሁሉም ያምናል። እንግዲህ ነዳነው የምንለው መኪና ገና ያልመጣ ገዢ ንብረት ነው፤ እኛ አድራሾች ነን።

እናቴም እንደዚሁ ናት። የሳሎኑ ምንጣፍ ላይ ላስቲክ፣ ላስቲኩ ላይ ጨርቅ። ቡፌው ውስጥ ወርቃማ ጠርዝ ያላቸው ስድስት ብርጭቆዎች አሉ፤ እኛ በፕላስቲክ እንጠጣለን። «የእንግዳ ነው» ትላለች። ጳጳስ መጥቶ አልወጡም፣ አማች መጥቶ አልወጡም። ቆይ ግን፣ ማን ሲመጣ ነው የሚወጡት?