ከመስኮቱ እስከ ባንኩ

ከአራት ኪሎ እስከ ሜክሲኮ ባሉ መሥሪያ ቤቶች የገንዘብ መቀበያ መስኮት ያለው ሁሉ ሥራው አንድ ነው፤ ይቀበላል፣ ደረሰኝ ይቆርጣል፣ ባንክ ያስገባል። ጉድለት የሚወለደው አብዛኛውን ጊዜ በደረሰኙና በባንኩ መካከል ነው።

ገንዘብ ያዥ አዲስ የሞዴል 64፣ ማለትም የመንግሥት ገንዘብ መቀበያ ደረሰኝ፣ ጥራዝ ሲረከብ ከመፈረሙ በፊት ቅጠሎቹን አንድ በአንድ ይቁጠር። የጎደለ ቅጠል ከፊርማ በኋላ ቢታወቅ ተጠያቂው እሱ ነው። ደረሰኝ ሲበላሽ ደግሞ ዋናውም ኮፒዎቹም «ተሰርዟል» ተብሎባቸው ጥራዙ ላይ ይቀራሉ። ዋናው የሌለበትን ስርዝ ኦዲተር የሚያየው ገንዘብ እንደተሰበሰበበት ደረሰኝ ነው፤ ትክክልም ነው።

ሲቆረጥ የገቢው ዓይነት በግልጽ ይጻፍ። የጨረታ ሰነድ ሽያጭ ገቢ ነው፤ የጨረታ ማስከበሪያ ግን ለተሸናፊው የሚመለስ አደራ ነው። ማስከበሪያው ገቢ ተብሎ ከተመዘገበ የመመለሻው ቀን ሲደርስ ሂሳብ ክፍሉ ከየት አውጥቶ ይክፈል? ሲፒኦ፣ ማለትም ባንክ ያረጋገጠው የክፍያ ማዘዣ፣ ሲመጣም የተቋሙ ስም በትክክል መጻፉን መስኮቱ ላይ አይቶ መቀበል፣ ቁጥሩንም ደረሰኙ ላይ ማስፈር ነው።

ዋናው ሰዓት የመዝጊያው ነው። ባንክ ሳይዘጋ ለመድረስ መስኮቱ 9 ሰዓት አካባቢ ቢዘጋ ይመረጣል። መጀመሪያ ደረሰኞቹ ይቆጠራሉ። ከ004151 እስከ 004198 ስንት ነው? ቀንሶ 47 የሚል ብዙ ነው፤ 48 ነው፣ የመጀመሪያውም ይቆጠራልና። ቀጥሎ ብሩ በየዓይነቱ ይለያል፤ ባለ 200 አንድ እስር፣ መቶ ቅጠል ከሆነ፣ 20,000 ብር ነው። ድምሩ ከደረሰኞቹ ድምር ጋር ካልገጠመ ልዩነቱን ለ9 ማካፈል ነው። ያለ ቀሪ ከተካፈለ አሃዝ ተገለባብጦ ሊሆን ይችላል። 6,350 በ3,650 ቦታ ቢጻፍ ልዩነቱ 2,700 ነው፣ 300 ጊዜ 9። ትርፍ ከተገኘም እንደ ጉድለቱ ይመዝገብ። ኪስ የገባ ትርፍ የነገ ጉድለት መሸፈኛ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ የትኛው ቀን ትክክል እንደነበር ማንም አያውቅም።

የተሰበሰበው ሳይቀነስ ሙሉው ባንክ ይግባ። ከእሱ ላይ የታክሲ ወይም የወረቀት መግዣ «ነገ እመልሳለሁ» ብሎ መውሰድ አይቻልም፤ ለዚያ የጥቃቅን ወጪ ገንዘብ አለ። የፌዴራል መንግሥት የፋይናንስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 648/2001 የመንግሥት ገንዘብ ወደ ተጠቃለለ ፈንድ፣ ማለትም ወደ መንግሥት የጋራ ቋት፣ እንዲገባ የሚያዘው ገቢና ወጪ ለየብቻ እንዲታዩ ጭምር ነው ብዬ አምናለሁ። የውስጥ ገቢያቸውን እንዲጠቀሙ በሕግ የተፈቀደላቸው እንደ ጤና ተቋማት ያሉም ቢሆኑ መጀመሪያ ይመዘግባሉ፣ ባንክ ያስገባሉ፤ ከዚያ በበጀት ያወጣሉ።

የወር መጨረሻ የባንክ ሰልፍ ረጅም ነው፤ ገንዘቡ ሊያድር ይችላል። ካዝና ገብቶ መጠኑ በሁለት ሰው ፊርማ ይያዝ፣ በማግስቱ ጠዋት ከአዲሱ ገቢ ሳይቀላቀል ለብቻው ባንክ ይግባ። የባንክ ማስገቢያ ስሊፑ ላይ የደረሰኞቹ ተከታታይ ቁጥር ከነመነሻውና መድረሻው ቢጻፍ የወሩ የባንክ ማስታረቂያ፣ ማለትም መዝገቡን ከባንኩ መግለጫ ጋር ማመሳከሩ፣ በግማሽ ይቀላል።

ማስታረቂያውን ገንዘብ ያዡ ራሱ መሥራት የለበትም። የሚቀበል፣ የሚመዘግብና የሚያስታርቅ ሦስት ሰው ይሁን፤ ሰው ባነሰበት ቢያንስ የሚያስታርቀው ይለይ።

በቴሌብርና በሲቢኢ ብር መክፈል ከበዛ ወዲህ የመስኮቱ ጥሬ ብር ቀንሷል። ሌላ ጣጣ ግን መጥቷል፦ ባንክ ውስጥ ገብቶ ማን እንደከፈለው የማይታወቅ ገንዘብ። ከፋዩ በቀጥታ ያስገባል፣ ስሊፑን አያመጣም፣ ደረሰኝ አይቆረጥለትም፤ በሂሳብ መግለጫው ላይ ብር አለ፣ በመዝገብ ላይ ግን የለም። መፍትሔው የግብይት ቁጥሩን መጠየቅና በሂሳብ መግለጫው ላይ ካረጋገጡ በኋላ ብቻ ደረሰኝ መቁረጥ ነው። በስልክ ፎቶ ብቻ የተቆረጠ ደረሰኝ አንዱን ክፍያ ሁለቴ ሊያስቆጥር ይችላል። መግለጫውንም በየቀኑ ማየት ነው። ወር ሙሉ ተጠራቅሞ ከዋለ ከፋዩን ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል፤ ሰኔ 30 ላይ ሲደረስ ደግሞ የበጀት ዓመቱ መዝጊያ ነውና ያልታወቀው ገንዘብ ሁሉ በአንድ ጊዜ ጠረጴዛው ላይ ይወድቃል።