አዲስ አበባ ላይ ሶላር ስትሰቅሉ ጥላውን በኅዳር አትለኩ

ጣሪያውን ያየሁትም ቦታ የመረጥኩትም በኅዳር ነው። ስህተቱ የታወቀኝ በሐምሌ።

ዕቃው ቀላል ነው፦ ሁለት ባለ 550 ዋት ፓነል፣ ኤምፒፒቲ ቻርጅ ኮንትሮለር (ከፓነሉ የሚመጣውን ኃይል እየተቆጣጠረ ባትሪውን የሚሞላ)፣ ኢንቨርተር (የባትሪውን ኃይል ለቤት ዕቃ ወደሚሆን የሚቀይር)፣ ሁለት ባለ 12 ቮልት 200 አምፔር-ሰዓት ጄል ባትሪ። ከባትሪው 4.8 ኪሎዋት-ሰዓት ግማሹን ብቻ ተጠቀሙ። መብራት፣ ፍሪጅና ቴሌቪዥን ይችላል፤ ምጣድ አይሞከርም። የፓነሉን ማሰሪያ ከቆርቆሮው አልፎ ሞራሌው ላይ ምቱት።

አሁን ወደ ጥላው። ሶላሩን የሚገጥመው ባለሙያ «ደቡቡ ክፍት ከሆነ በቃ» አለኝ፤ ሳልጠይቅ መቀበሌ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። አዲስ አበባ ያለችው በሰሜን ኬክሮስ 9 ዲግሪ ላይ ነው፤ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መገባደጃ የቀትር ፀሐይ በስተሰሜን ትውላለች። በታኅሣሥ ከምሥራቅ 24 ዲግሪ ወደ ደቡብ አፈንግጣ ትወጣለች፣ በሰኔ ያንኑ ያህል ወደ ሰሜን።

ከፓነሎቹ በሰሜን ምሥራቅ፣ 8 ሜትር ላይ፣ የጎረቤት ጂ ፕላስ 4 አለ፤ በ12 ሜትር ይበልጣቸዋል። በኅዳር ጥላው ዝር አላለም። በሰኔና በሐምሌ ግን ፀሐይ ጠዋቱን በዚያው አቅጣጫ ቀጥ ብላ ስለምትወጣ፣ ከአድማስ 56 ዲግሪ ከፍ እስክትል ሕንጻው ይጋርዳታል። ይህ እስከ 4 ሰዓት ከሩብ አለፍ ድረስ ነው። ክረምት ደግሞ ብዙ ጊዜ ጠዋቱ ብራ ሆኖ ከቀትር በኋላ ይዘንባል፤ ስለዚህ የጠፋው ዋናው የፀሐይ ሰዓት ነው። ጥላው ጠርዙን ብቻ ሲነካ እንኳ ጉዳቱ ከስፋቱ ይበልጣል፤ ሴሎቹ በተከታታይ ስለተያያዙ የተጋረደው የሌሎቹንም ፍሰት ያንቃል። ባትሪዎቹ ለሳምንታት ሳይሞሉ ከረሙ። እንዲህ ሲከርሙ ሳህናቸው ላይ ሰልፌት ይጋገራል፤ የወረደው አቅም በኋላ ብትሞሉትም ሙሉ በሙሉ አይመለስም።

ፓነሎቹን 10 ሜትር ወደ ደቡብ ምዕራብ ጠርዝ ወሰድኳቸው፤ ማዕዘኑ ወደ 34 ዲግሪ ወረደ፣ ፀሐይም ከ3 ሰዓት በፊት ታገኛቸው ጀመር። ለዚህ የከፈልኩት የ6 ስኩዌር ሚሊሜትር ገመድና የሁለተኛ ጊዜ የእጅ ዋጋ ባልተገባ ነበር።

ከመሰቀሉ በፊት ፓነሉ የሚያርፍበት ቦታ ቆማችሁ ኮምፓሱን 66 ዲግሪ ላይ፣ ማለትም በሰኔ ፀሐይ በምትወጣበት አቅጣጫ፣ አድርጉ። በዚያ መስመር ያለው ነገር ፓነሉን የሚበልጥበትን ቁመት ለርቀቱ አካፍሉ፤ ውጤቱ ከ0.7 ካለፈ ቦታ ቀይሩ። በ114 ዲግሪም ድገሙት፣ እሱ የበጋው ነው።

«የግድ ወደ ደቡብ» የሚለውን ምክር እዚህ ከተማ ላይ አልቀበለውም። ጣሪያችሁ በመጠኑ ወደ ምሥራቅ ካዘነበለ ለክረምቱ ጠዋት እንዲያውም ይሻላል። ዝናብ አቧራውን እንዲያጥብ ግን ቢያንስ 10 ዲግሪ ተዳፋት ይኑረው።

ሦስተኛ ፓነል በተከታታይ ልትጨምሩ ካሰባችሁ ቮልቱን አስቀድማችሁ ደምሩ። ሦስት ባለ 49 ቮልት 147 ነው፤ ብርዱ ወደ 5 ዲግሪ በሚወርድበት የታኅሣሥ ማለዳ ወደ 155 ይወጣል፣ ከ150 ቮልት በላይ የማይችል ኮንትሮለርም ሊቃጠል ይችላል።