ሄልሜት ከመግዛታችሁ በፊት

የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ አንድ ኮሙናል ቤት ውስጥ ማታ ማታ ልጆች ቴኳንዶ አሠለጥናለሁ። «ማስተር» ይሉኛል። ለማስተርነት ገና ብዙ ዳን (የጥቁር ቀበቶ ደረጃ) ይቀረኛል፤ ግን እኛ አገር ዶቦክ፣ ማለትም የቴኳንዶ ልብስ፣ ለብሶ ፊት የቆመ ሁሉ ማስተር ነው።

ልጃቸው ስፓሪንግ (ሁለት ሆኖ የመጋጠም ልምምድ) ሊጀምር ሲል ወላጆች ቀድመው የሚጠይቁኝ ስለ ሄልሜት ነው። በቀደም አንዲት እናት «እህቴ፣ ወፍራሙን ንገሪኝ፤ ተበድሬም ቢሆን እገዛለታለሁ» አለችኝ። ጭንቀቷ ይገባኛል። ገንዘቧ ግን አሳዘነኝ።

ሄልሜት ቅንድብ እንዳይሰነጠቅ፣ ጆሮ እንዳይላጥ ይረዳል። ልጁ ወድቆ ወለል ሲመታም ያተርፈዋል። አንጎልን ግን አያስርም። ጭንቅላት በርግጫ ድንገት ሲዞር አንጎል ውስጥ ለውስጥ ይናወጣል፤ ስፖንጁ ያለው ደግሞ ውጭ ነው። በ2016 የሪዮ ኦሊምፒክ ወንድ ቦክሰኞች ያለ ሄልሜት ተጋጥመዋል። ውሳኔው አሁንም ያከራክራል፤ የፊት መሰንጠቅ እንደጨመረ ግን ታይቷል። እኔ ልጆች ያውልቁ አልልም። ሄልሜት አለ ብሎ ጭንቅላት ላይ ርግጫ መሰንዘርን ነው የምቃወመው።

ያልተለካ ሄልሜት ደግሞ ጣጣ ነው። አንድ ቢጫ ቀበቶ ልጅ የታላቅ ወንድሙን ሄልሜት አጥልቆ መጣ። ማሰሪያው አቧራ ጠጥቶ አይጣበቅም። ቀለል ያለች ርግጫ ነካችው፤ ሄልሜቱ ዞረና የጆሮው ቀዳዳ ዓይኑ ላይ መጣ። ልጁ በዚያች ቀዳዳ እያጮለቀ አየር ይቦክሳል! ሁሉም ሳቀ። ቀጣዩ ርግጫ የመጣው በማያይበት ጎን ነበር።

እኔን ከጠየቃችሁኝ የመጀመሪያው ብር ለጥርስ መከላከያ ይውጣ። በፈላ ውኃ የሚለሰልሰው ዓይነት ይበቃል። መመሪያው ላይ ለተጻፈው ጊዜ ውኃው ውስጥ ትነክሩታላችሁ፤ በጣም እንዳያቃጥል ትንሽ ታበርዱና ልጁ ጥርሱን ገጥሞ ይነክሰዋል። በጣቱ ከውጭ ጫን ጫን ያደርገዋል፣ ከውስጥ በምላሱ። ከዚያ ቀዝቃዛ ውኃ። አፉን ሲከፍት ከወደቀ አልያዘም፤ ይደገም። የወተት ጥርሱ እየረገፈ ያለ ልጅ ደግሞ ቶሎ ቶሎ መለካት አለበት። እባካችሁ፣ ለወንድምና እህት አንድ አትግዙ።

ቀጥሎ የቅልጥምና የብልት መከላከያ። ለሴቶችም አለ፣ አትፈሩ ጠይቁ። ሆጉ (የደረት መከላከያው) የጋራ ቢሆን ግድ የለም፤ ከልምምድ በኋላ ተጠርጎ ይሰጣል።

ሆጉ ሲለብሱ ግን ልጆቹ ይደፍራሉ። ትናንት ሲፈራ የነበረው ዛሬ ያለ ልኩ ይራገጣል። የውድድር ነጥቡም ይገፋፋል፤ ደረት ላይ ያረፈ ቀላል ርግጫ 2 ሲሆን ጭንቅላት ላይ 3 ነው። ስለዚህ አንዳንድ ማታ ዕቃውን ሁሉ አስወልቃለሁ። መንካት ብቻ፣ ያውም ከወገብ በላይ ከአንገት በታች። ያኔ እግራቸው ይለሰልሳል። ርቀት መለካት የሚማሩትም ያኔ ነው።

ተመትቶ ራሴን አመመኝ፣ አዞረኝ፣ አቅለሸለሸኝ ያለ ልጅ ያን ቀን ወደ ምንጣፉ አይመለስም። ሐኪም አይቶት ካልፈቀደም ስፓሪንግ የለም። አንዳንድ አባት «ወንድ ልጅ አይደል እንዴ፣ ይልመደው» ብሎ ይቆጣኛል። ይቆጣ። ያችኛዋ እናት የጥርስ መከላከያውን ገዝታለች። ለሄልሜቱ ደግሞ ልጁን ይዛ እንድትሄድ ነግሬያታለሁ፤ ሳይለካ አይገዛም።