ማሲንቆዬን ቫዮሊን ብዬ ያስመዘገብሁበት ዓመት

ይህን የምጽፈው ጎንደር ተቀምጦ፣ ሙዚቃን ከሒሳብ፣ ከታሪክ ወይም ከቋንቋ ጋር አጣምሮ የሚያስተምር የአሜሪካ ኮሌጅ ለሚፈልግ ወጣት ነው። በ2016 ዓ.ም. እኔ ራሴ እንዲህ ያለ ኮሌጅ ስመርጥ የሠራሁትን ስሕተት አስቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ፣ አንድ ሙሉ ዓመትና እናቴ ከዕቁብ ያወጣችውን 12,000 ብር ባላጣሁ ነበር።

አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ እኔም በአታ አጠገብ፣ የአቋቋሙን ጉባኤ እየሰማሁ አድጌ ድጓ እስከ መጀመር ደርሼ ነበር። ማሲንቆ የለመድሁት ግን ከቤት ተደብቄ፣ የአዝማሪዎች መንደር የሆነችው የቡርቧክስ ተወላጅ ከሆኑ አንድ አዛውንት አዝማሪ ነው። አዝማሪነት በካህን ቤት እንዴት እንደሚታይ የጎንደር ሰው ያውቀዋልና አላብራራውም። ከመደበኛው ትምህርት ደግሞ የምወደው ሒሳብ ነበር። ሁለቱን አንድ ላይ መማር እፈልግ ነበር እንጂ አንዱን ለሌላው መሠዋት አልፈልግም ነበር።

«ታዲያ ለምን ያሬድ አልገባህም?» የሚሉኝ ብዙዎች ናቸው፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ባለው በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ማሲንቆ፣ ክራር፣ በገናና ዋሽንት እንደ ዋና መሣሪያ ይሰጣሉ። የአንድ ሰው ፍላጎት ማሲንቆውን ማሳደግ ብቻ ከሆነ፣ ባሕር መሻገሩ ትርፍ ድካም ነው ብዬ አምናለሁ፤ እዚያ የሚያገኘውን ዓይነት የማሲንቆ መምህር አሜሪካ ውስጥ አያገኝም። እኔ ያሬድን የተውሁት ሒሳብንም በእኩል ደረጃ ለመማር ስለፈለግሁና በአገራችን ምደባ ተማሪ አንድ የትምህርት ክፍል ብቻ ስለሚደርሰው ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተናን የወሰድሁት ከ100 ተፈታኞች 3 ያህሉ ብቻ ግማሽና ከዚያ በላይ ባመጡበት በ2015 ዓ.ም. ነበር፤ አልፌያለሁ፤ ከዚያ በላይ የሚወራ ነገር የለውም።

ወደ ነገሩ ልግባ። በአሜሪካ ሙዚቃን በዲግሪ ለመማር ሁለት በሮች አሉ። አንደኛው የኮንሰርቫቶሪ፣ ማለትም ሙዚቀኛ ለማውጣት የቆመ ትምህርት ቤት፣ በር ነው፤ ዲግሪው የሙዚቃ ባችለር ይባላል፣ ከኮርሶቹም ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ሙዚቃ ናቸው፣ መግቢያውም የመሣሪያ ፈተና ነው። ሁለተኛው የሊበራል አርትስ፣ ማለትም ልዩ ልዩ ዕውቀትን አጣምሮ የሚያስተምር ኮሌጅ፣ በር ነው፤ ዲግሪው የአርትስ ባችለር ሲሆን ሙዚቃው ከኮርሶቹ አንድ ሦስተኛ ያህሉን ይይዛል፣ የቀረው ለሌላ ትምህርት ክፍት ነው። ሁለቱን በሮች ባንድ ጊዜ የሚከፍት መንገድም አለ፤ በኦበርሊን፣ በሎረንስና በባርድ እንዳለው ያለ የአምስት ዓመት ጥምር ዲግሪ ማለት ነው። ስሙ ሲሰማ ያማልላል። እኔም ጥምር የሚለውን ቃል እንዳየሁ ሌላውን ሁሉ ተውሁት፤ እንዲህ ላለው ፕሮግራም ኮንሰርቫቶሪውም ኮሌጁም ለየብቻ ሊቀበሉህ እንደሚገባ ያነበብሁት ዘግይቼ ነው።

ለዚህ ችኮላዬ አንድ ሰበብ ነበረኝ። የያሬድ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር አሸናፊ ከበደ በኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት መማራቸውን አንብቤ ነበርና፣ ኮንሰርቫቶሪ ያልገባ ሙዚቀኛ የተሟላ ሙዚቀኛ አይመስለኝም ነበር። እኒሁ ሰው ዶክትሬታቸውን የሠሩት በዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ፣ የሕዝቦችን ሙዚቃ በሚያጠናው ዘርፍ መሆኑ እዚያው ገጽ ላይ ተጽፎ ሳለ ዓይኔ ዘሎት አለፈ። የእኔ በር የነበረው ግን ይኸው ሁለተኛው፣ የሊበራል አርትሱ ነበር።

አሁን ወደ ቅጹ እመጣለሁ፤ እስከ ዛሬ ሳስበው የሚያበሽቀኝ እሱ ነው። ያመለከትሁበት ኮንሰርቫቶሪ ቅጽ «መሣሪያህን ምረጥ» ይልና ዝርዝር ያወጣል፤ ቫዮሊን፣ ቼሎ፣ ፒያኖ፣ ጡሩምባ እያለ ይወርዳል፤ ማሲንቆ ግን የለም። ሳይመረጥ ደግሞ ወደሚቀጥለው ገጽ አይታለፍም። በእናቴ ገንዘብ የተዋዋልሁት አንድ የትምህርት አማካሪ ነበርና ሄጄ ጠየቅኋቸው።

«ማሲንቆ ከዝርዝሩ ውስጥ የለም» አልኋቸው።

«በደጋን የሚገዘገዝ አይደለም እንዴ?»

«ነው።»

«እንግዲያ ቫዮሊን ነው። ቫዮሊን በለው።»

«ጋሼ፣ ቫዮሊን እኮ አራት አውታር አለው፤ የእኔ አንድ ነው።»

«እነሱ ይህን ያህል አይመረምሩም። ዋናው ነገር ሳጥኑ ባዶ አለመሆኑ ነው።»

ማሲንቆ የያዘ ሰው ሁሉ የዚህን ምክር ከንቱነት ያውቀዋል። የቫዮሊን ተጫዋች አውታሩን እንጨቱ ላይ ተጭኖ ድምፁን ይለውጣል፤ እኛ ግን የፈረሱን ጭራ ከእንጨቱ ጋር ሳናገናኝ በጣታችን ጎን ነካ አድርገን ነው ድምፁን የምናወጣው። የአያያዙም፣ የድምፁም፣ የቅኝቱም ጠባይ ሌላ ነው። ይህን ሁሉ እያወቅሁ፣ ሙሉ ልብስ ለብሰውና ጠረጴዛ ይዘው የተቀመጡ ሰው ስለነገሩኝ ብቻ፣ ጣቴን ዘርግቼ ቫዮሊን የሚለውን ነካሁት። ከአማካሪው ይልቅ በራሴ የምናደደው እዚህ ላይ ነው።

ቫዮሊን ተብሎ ከተመረጠ በኋላ ቅጹ የቫዮሊንን ሥራ ይጠይቅ ጀመር፤ ባሕ ከተባለው የሙዚቃ ደራሲ ሥራ አንድ ክፍል፣ ከኦርኬስትራ ጋር ከሚጫወቱት ከአንድ ኮንሰርቶ የተወሰደ ክፍል፣ በሦስት ኦክታቭ የሚወጣና የሚወርድ እስኬል፣ ማለትም የድምፅ መሰላል። እኔ ትዝታና አምባሰል ቀረጽሁ። እስኬሉን ደግሞ፣ አሁን ስጽፈው እንኳ አፍራለሁ፣ በአንዲቱ አውታር ላይ ጣቴን እስከ ሳጥኑ ድረስ እያወረድሁ ሦስት ኦክታቭ ለማስመሰል ሞከርሁ፤ መጨረሻው ላይ የሚሰማው የማሲንቆ ድምፅ ሳይሆን የበር ማጠፊያ ሲጥጥ ነው። የቀረጽሁትም ስቱዲዮ ተከራይቼ ነበር፤ ባለሙያው «ባዶ እንዳይሆን» ብሎ ኢኮ ጨመረበትና ከበስተ ኋላው ኪቦርድ አስገባበት። ባዶ እንዳይሆን የሚለው ቃል በዚያ ዓመት ከሁሉም አፍ ይወጣ ነበር።

የመላኩ ነገር ሌላ ጣጣ ነበር። በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ስለነበር፣ መስመር ያለው አንድ የፒያሳ ሆቴል ሎቢ ውስጥ ሦስት ሌሊት አደርሁ። ፋይሉ እኩሌታው ላይ ሲደርስ ይቆማል፤ እንደ ገና ከዜሮ ይጀምራል። አስተናጋጁ በየሰዓቱ እየመጣ ምን ልታዘዝ ሲለኝ፣ ተነሥ እንዳይለኝ ማኪያቶ አዛለሁ። የመጨረሻው ቀን ኅዳር 21 ነበር፤ ሊዘጋ አርባ ደቂቃ ያህል ሲቀረው ፋይሉ ገባ፤ እኔም የተሳካልኝ መስሎኝ ከሆቴሉ እስከ በአታ እየዘመርሁ ሄድሁ።

መልሱ ለመምጣት አንድ ወር እንኳ አልፈጀም። በሦስት መስመር፣ የቀረበው ቀረጻ የቫዮሊንን መስፈርት ስለማያሟላ ለቀጣዩ ፈተና አልተጋበዝህም ይላል። እውነታቸውን ነው። የኮሌጁ ወገን በትምህርት ውጤቴ ለብቻው አይቶኝ ተጠባባቂ አደረገኝ፤ ለተጠባባቂ የሚተርፍ የገንዘብ ድጋፍ እንደሌለም ጨምሮ ጻፈልኝ። በዚያ መንገድ የሚሄደው ዓመት አለቀ።

ለአማካሪው ሄጄ ደብዳቤውን አሳየኋቸው። አነበቡት፣ መነጽራቸውን አወለቁና፣ «እኔ ቫዮሊን ነው ያልሁህ፤ ማሲንቆ የላክኸው አንተ ነህ» አሉኝ። የምመልሰው ቃል አጥቼ ወጣሁ። ገንዘቡ አልተመለሰም።

ከሁሉ የከፋው ግን ከሁለት ወር በኋላ ያየሁት ነው። ያንኑ ገጽ ለሌላ ጉዳይ ከፍቼ እስከ ታች ስወርድ፣ በደቃቅ ፊደል «መሣሪያህ ከዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ከማመልከትህ በፊት ጻፍልን» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር አገኘሁ። ኅዳር ላይም እዚያው ነበር። ድጓን በቃል ለማጥናት የተቀመጠ ሰው አንድ ገጽ እስከ ግርጌው ማንበብ ለምን እንዳቃተው ለአባቴ ማስረዳት አልቻልሁም፤ እሳቸውም አልጠየቁኝም፤ «ቀለሙ አልገባህም ነበር ማለት ነው» ብለው ብቻ ተዉኝ።

በሁለተኛው ዓመት ኮሌጅ መምረጥ የጀመርሁት ከስም ሳይሆን ከጥያቄ ነው። አንዳንድ የኮሌጆች የመግቢያ ክፍሎች «መምህራንን በቀጥታ አታስቸግሩ፣ ጥያቄያችሁን ለእኛ አቅርቡ» ይላሉ። ይህን ምክር አልተቀበልሁትም፤ እናንተም እንዳትቀበሉት እመክራለሁ። የሕዝቦችን ሙዚቃ ለሚያስተምሩ ዘጠኝ መምህራን በየስማቸው አጭር ደብዳቤ ጻፍሁ፤ ማሲንቆ ይዤ ብመጣ ምን እማራለሁ፣ ማንስ ይሰማኛል፣ ሒሳብን እንደ ሁለተኛ ዋና ትምህርት ስይዝ ሰዓቱ ይበቃኛል ወይ ብዬ ጠየቅሁ። አራቱ መለሱ። ከእነሱ መካከል አንዷ «የማሲንቆ መምህር የለንም፤ ነገር ግን አገርህ ካለ መምህር ጋር በኢንተርኔት ብትማር ክፍላችን ከፍሎ ኮርስ አድርጎ ሊይዝልህ ይችላል» ብላ ጻፈችልኝ። የለንም ብሎ የጀመረ ደብዳቤ ይህን ያህል ደስ ያሰኛል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። አሁን የምማረው እዚያ ነው።

ለአርትስ ባችለር የሚላክ ቀረጻ አስገዳጅ አይደለም፤ ብዙ ኮሌጆችም እጅግ የላቀ ችሎታ ከሌለህ ባትልክ ይሻላል ዓይነት ማሳሰቢያ ያወጣሉ። ይህም ለእኛ የሚሠራ ምክር አይመስለኝም፤ የማሲንቆን ልክ የሚያውቅ ሰው በሌለበት የላቀውን ካልላቀው ማን ይለያል? እኔ በሁለተኛው ጊዜ የቀረጽሁት በስልክ፣ መምህሬ ግቢ፣ ዛፍ ሥር ተቀምጬ ነው። ኢኮ የለም፣ ኪቦርድ የለም፤ ደጋኑን ዕጣን ስቀባ እንኳ ይታያል። ስድስት ደቂቃ ብቻ ነው።

በጽሑፉም ላይ እንዲሁ አደረግሁ። አማካሪው የቆሎ ትምህርት መደበኛ ስላልሆነ አይጻፍም ብለውኝ ነበር። በሁለተኛው ዓመት የጻፍሁት ስለ እሱ ብቻ ነው፤ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሂደት፣ ቁርጥ፣ ድርስና አንብር የተባሉት አሥሩ የዜማ ምልክቶች ከፊደሉ ጋር ተቀምጠው ድምፅን እንዴት እንደሚመሩ፣ እኔም በልጅነቴ እንደ ሒሳብ ቀመር እቆጥራቸው እንደነበር ተረክሁ። ያችው መምህርት በኋላ እንደነገረችኝ፣ ማመልከቻዬን ከሌላው የለየው ይህ ገጽ ነው። በዚህ ነገር እኮራለሁ፤ አባቴም የኮሩ ይመስለኛል፤ ማሲንቆውን ግን እስካሁን በስሙ አይጠሩትም፣ «ያ ዕቃ» ይሉታል።

የቀረው ሁሉ ተራ ነው። ትራንስክሪፕት፣ ማለትም የውጤት ማስረጃ፣ ከትምህርት ቤት በማኅተም ይወጣል፤ የአባትን ገቢ የሚያሳይ ደብዳቤ ለገንዘብ ድጋፉ ቅጽ ይተረጎማል። ለውጭ አገር ተማሪ የገንዘብ ችግሩን ሳያዩ የሚቀበሉ ኮሌጆች ጥቂት ናቸው፤ አምኸርስት፣ ቦውዶይንና ዳርትመዝ ከእነሱ ይቆጠራሉ። በሌሎቹ ዘንድ የምትጠይቀው ገንዘብ መጠን በውሳኔው ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ሃያ ቦታ አመልክት የሚለውን ምክር ትቼ ስድስት ቦታ ብቻ አመለከትሁ፤ ለእያንዳንዱ ለብቻው የጻፍሁት ደብዳቤ ነበረው። ቪዛው በ2017 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ቀጠሮ ለሳምንታት ቆሞ ስለነበር አስጨነቀኝ እንጂ ቃለ መጠይቁ ራሱ አምስት ደቂቃ አልሞላም።

ማሲንቆ ይዞ ለሚጓዝ አንድ ነገር ልጨምር። ሳጥኑ የተለበጠው በቆዳ ስለሆነ አሜሪካ ሲደርስ የእንስሳት ውጤት ተብሎ በጉምሩክ ቅጹ ላይ መገለጽ አለበት፤ የተደበቀ እንደሆነ ሊወሰድ ይችላል። እኔ ገለጽሁ፤ መርማሪው አገላብጦ አየውና መለሰልኝ። ትርፍ የፈረስ ጭራ ግን ከአገር ሳልይዝ ስለወጣሁ፣ ኅዳር ላይ አውታሩ ሲሳሳብኝ ለእናቴ ደውዬ ከአዘዞ ገበያ እንድትልክልኝ ለመንኋት። «የፈረስ ጭራ ልከሽልኝ ተማርሁ ብትል ማን ያምንሃል?» እያለች ላከችልኝ።